በወንድሜ ስም

«መርዕድ የሚባለው ሰውዬ የሴት ኮድ አይቀበልም አሉ» ትለኛለች ጓደኛዬ ስንዱ፣ በተገናኘን ቁጥር። ማን እንዳለ ስጠይቃት «ሁሉም!» ነው መልሷ።

መርዕድ የሚመራው በነፃ የሚታደል፣ ፈቃደኞች ኮድ እየጻፉ የሚያዋጡበት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ነው። ማንም ሳያስተምረኝ መጻፍ የቻልኩትን ኮድ በወንድሜ በአንዱዓለም ስም ላክሁለት። ወንድሜ እንኳ ኮምፒውተር የሚከፍተው ኳስ ለማየት ነው። «ጎበዝ፣ ወንድም አንዱዓለም!» እያለ ሁሉንም ተቀበለ። ምስጋናዬን ጥርሴን ነክሼ ጻፍኩ።

ሥራውን ሊለቅ ነው ሲባል፣ ከእኔ ሌላ ተረካቢ አልታየኝም። ለአንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር አስረከበው።

«አላልኩሽም?» አለች ስንዱ።

የስንብት መልእክቱ ዛሬ ወጣ፦ «ወንድሞቼ፣ ስሜ ወለተኪዳን ነው። በአባቴ በመርዕድ ስም የሠራሁት፣ የሴት ኮድ የሚያይልኝ ስላጣሁ ነው። ለሴት ላስረክብ ብዬ ዓመታት ጠበቅሁ፤ አንዲትም ብቅ አላለች።»