የፈንገስ ቀለብ

ዶክተር ጉልላት የተወለደው ከበሬ አድላቢ ቤተሰብ ነው። ሶዶ ላይ ዶክትሬቱን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ቢቀመጥም፣ ሳይንሱ ከአባቱ በረት አልወጣም፤ ያልበላ ሰንጋ አይሰባም፣ አለቀ።

ቤተ ሙከራው በስኳር ውሃ ፈንገስ ያረባል። ፈንገሱ ወፍራም ሙጫ ያወጣል፤ ሙጫውን የመድኃኒት ፋብሪካዎች ይፈልጉታል። ብዙ ሙጫ የሚያስገኘውን ቀለብ ያወቀ የማዕከሉ ኃላፊ ይሆናል ተብሏል። ዶክተሩ በልቡ ወንበሩ ላይ ከተቀመጠ ቆይቷል። ስለዚህ ስኳሩ ላይ የእርሾ ዱቄት እስኪትረፈረፍ ያስጨምራል።

መዛኙ ኢሳይያስ የአረካ ሰው ነው። ከስምንት ዓመት በፊት ዶክተሩ የመመረቂያ ጽሑፉን በቀይ ብዕር ጣለበትና ዕድሜ ልኩን ረዳት ሆኖ ቀረ። ጽሑፉ ስለ ምን እንደነበር ዶክተሩ አያስታውስም። የጣላቸው ብዙ ናቸው።

አንድ ጠዋት ዶክተሩ በመስኮት ሲያይ፣ ኢሳይያስ ከአሥራ ሁለቱ ብልቃጦች ለስድስቱ የመዘነውን ዱቄት አብዛኛውን ወደ ቆርቆሮው መለሰ። ከዚያ ደብተሩ ላይ ጻፈ።

ሌባ ቢሆን ወደ ቤቱ ይወስደው ነበር። ይሄ የለየለት ቂም ነው፣ አለ ዶክተሩ በሆዱ።

ያየውን ሲነግራት ጸሐፊዋ ዘመነች ለምን እንደማያስቆመው ጠየቀችው።

«ተዪው። ለግምገማ ይደርሳል።»

ብልቃጦቹን አሥር ቀን ማንም እንዳይነካ አዘዘ።

በግምገማው ዕለት አሥራ ሁለቱም ጠረጴዛው ላይ ተደረደሩ። ዶክተሩ ስለ ኪራይ ሰብሳቢነት ግማሽ ሰዓት፣ ስለ ምቀኝነት ሌላ ግማሽ ሰዓት ተናገረ። ኢሳይያስ ከሥራ እንዲባረር ጠየቀ፤ መጀመሪያ ግን ግለ ሂሱን ያውርድ አለ።

«ብልቃጦቹ ይታዩና አወርዳለሁ፣ ዶክተር» አለ ኢሳይያስ።

«እኔ ያበላሁትንና እሱ ያስራበውን እዩ!»

ዶክተሩ የራሱን ዘቀዘቀ። ውሃ ፈሰሰ፤ ተከትሎ የሰባ የፈንገስ ጓል ዱብ አለ። የኢሳይያስን ዘቀዘቀ። ሙጫው እንደ ማር ረግቶ አልወርድ አለ።

ኢሳይያስ ተነስቶ አንድ ያረጀ ወረቀት ለሰብሳቢዋ ለወይዘሮ ዓመለወርቅ ሰጠ። መነጽራቸውን አድርገው ጮክ ብለው አነበቡት።

«“ፈንገስ እርሾ ሲቀነስበት መስባቱን ትቶ ሙጫ ያወጣል።” ከሥሩ በቀይ፦ “ከንቱ ሐሳብ። ወድቋል። ጉልላት።”»