ብዕር ያልነካት ነጥብ

መሪጌታ የመቃ ብዕራቸውን ቀለም ውስጥ ሊነክሩ ሲሉ፣ ብራናውን በያዘው ግራ እጃቸው ጀርባ ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ አዩ። ለምጽ ያነጣው ያ እጅ፣ ሰው ፊት ከጋቢያቸው የማያወጡት፣ ጉሙን ሰንጥቆ በገባው የጠዋት ብርሃን ከብራናው ጋር ተመሳስሎ፣ የትኛው የፍየል የትኛው የእሳቸው ቆዳ እንደሆነ ዓይን ያሳስት ነበር። ቀለም የተንጠባጠበባቸው መሰላቸው። አውራ ጣታቸውን በምራቅ አርሰው አሹት፤ አልለቀቀም። እንደ ተሳሳተ ፊደል ሊፍቁት ካራቸውን አነሡ።

«ኧረ በቅዱስ ላሊበላ ይዤዎታለሁ!» ጥጥ ይፈትሉ የነበሩት ሚስታቸው እንዝርቱን ጥለው የባላቸውን የእጅ አንጓ ያዙ።

«ቀለም እኮ ነው፤ ብራናዬን ያበላሽብኛል።»

«መቼ ብዕርዎን ነከሩና ነው ቀለም የሚሆነው? ሐኪሟ የዘራችው ቢሆንስ?»

ካራው አየር ላይ ቀረ። ከአራት ወር በፊት አንዲት የአዲስ አበባ ሐኪም ከጭናቸው ጥቂት ቆዳ ቆንጥራ፣ ቆዳን የሚያጠይመውን ሕዋስ ከሐር በተሠራ ስስ ሽፋን ላይ አሳድጋ፣ ሽፋኑን ይህንኑ እጅ አልብሳው ነበር። ምንም ሳይታይ ሲቀር እሳቸውም ተስፋ ቆርጠው ትተውት ነበር።

እጃቸውን ወደ ብርሃኑ አስጠጉ። ከነጥቧ መሐል አንዲት ቀጭን ጠጉር በቅላለች። ከእሷ ወዲያ ሌላ ነጥብ፣ ከዚያም ወዲያ ሌላ፤ ከመጻፋቸው በፊት መስመር እንዲይዝላቸው በወስፌ እንደሚወጉት ብራና፣ እስከ አንጓቸው ድረስ ተሰድረዋል።

መሪጌታ ካራውን አኖሩ። ገና ላልደረቀ ጽሕፈት እንደሚያደርጉት አጎንብሰው፣ ቀስ ብለው እፍ አሉበት።