ርጥብ ሳር በጫኖ

በሰማንያ ስድስት፣ በየካቲት፣ ቅዳሜ ጧት በጋሞ ምድር፣ ጫኖ መስኖ ቦይ ዳር የነበሩት ኤርጫፎ፣ ታላቅ ወንድሙ ካሱ፣ ጎረቤታቸው ማቴዎስ፣ ሽማግሌው አባባ ኦይታና ሙዝ ልትገዛ የመጣችው የኤርጫፎ የእንግሊዝኛ አስተማሪ፣ የሰሜን ተወላጇ ትርሐስ ናቸው።

ኤርጫፎ ጎልማሳ ሆኖ ገና ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ክፍል ውስጥ እጁን አውጥቶ አያውቅም። ከሙዙ ጥላ ሥር ሌላ ሰሚ ስለሌለ ግን ደፈረ።

«ቲቸር፣ አንአርምድና ዲስአርምድ... ሁለቱም ባዶ እጅ አይደሉም እንዴ?»

«ናቸው። ግን የመጀመሪያው ዱሮም መሣሪያ ያልያዘ ነው። ሁለተኛው ይዞ የነበረ፣ አሁን ግን የፈታ።»

«ትጥቁን የፈታ።»

«ጎበዝ! ይህን አፍ ክፍል ውስጥ የት ደብቀኸው ነው?» ብላ ሳቀች።

ወዲያው ከቦዩ ማዶ ጩኸት ተነሣ። ካሱ ገጀራ መዞ ይሮጣል። ማቴዎስ ውሃውን ከላይ ዘግቶበት የካሱ ሙዝ ቆሞ ደርቋል።

«ማቴዎስ! ዛሬ ይህ ቦይ በደምህ ነው የሚሞላው!»

«ና! ወንድ ከሆንክ ና!» ማቴዎስ አካፋውን አነሣ።

ኤርጫፎ ብድግ ብሎ ቦዩ ዳር ደረሰ። ወንድሙ አሁን ወይ ይገድላል፣ ወይ ይሞታል።

ያኔ አባባ ኦይታ ከቦዩ ዳር ርጥብ ሳር ነጩ። ምርኩዛቸውን እንኳ ጥለው ከሁለቱ መካከል ጭቃው ላይ ተንበረከኩና ሳሩን በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው ያዙ። አልጮኹም።

«ካሱ፣ ልጄ፣ ሳሩን ረግጠህ እለፍ። ከቻልክ።»

ካሱ ቆመ። ደረቱ እንደ ወናፍ ይነፋል። የሽማግሌ የዕርቅ ሳር የረገጠ ሰው በጋሞ ምድር ከማን ጋር ይበላል? ማን ይቀብረዋል?

ክንዱ ቀስ እያለ ወረደ። ገጀራው ጭቃው ላይ ሲወድቅ ድምፅ አላሰማም።

ኤርጫፎ አራቱን እጆች አየ። የሽማግሌው እጆች ከሳር በቀር ምንም አልነበራቸውም። የወንድሙ እጆች ግን ሞት ይዘው ነበር፤ አሁን ጣቶቹ ተከፍተዋል። እነዚህ ባዶ እጆች ካሱን ከገጀራው ይልቅ የከበዱት መሰለው።

ትርሐስ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። «እኛ አገር ሳር ጠፍቶ ነው ያ ሁሉ ሰው በጦርነት ያለቀው?» አለች፣ ለራሷ።

ማቴዎስ አካፋውን አስቀመጠ። ቦዩን የዘጋበትን ድንጋይ አነሣ፤ ውሃው ወደ ካሱ ማሳ ሄደ።