ቢጫ ሻሽ

አሥራት ሰበታ ውስጥ አንድ ሆቴል ዘጠኝ ዓመት ክራር መታ። ሰው ጥብሱን እየበላ ያጨበጭብለታል እንጂ ምን እንደዘፈነ ልብ የሚል አልነበረም። ራሱ የደረሰው አንድ ዘፈን አለው። እሱን ሰው ዝም ብሎ እንዲሰማለት ፈለገ፤ በቃ፣ ሌላ ምኞት አልነበረውም። ይህም ብቻውን ስላልተሳካለት አማካሪ ያዘ።

አማካሪዋ ሩሃማ ትባላለች። ቡራዩ ፎቅ ላይ ቤት ተከራይታ አርቲስት "ታወጣለች"። እውነትም በሦስት ወር ውስጥ የአንድ ቴሌቪዥን ጣቢያ የቅዳሜ ፕሮግራም ላይ አስገባችው። ከአራት ዘፋኞች ላሸነፈው አልበም ይሠራለታል። ስታስመዘግበው "ከሰበታ የመጣ ዓይነ ስውር ክራረኛ" ብላ ነው።

"ሰበታ ሲባል ሰው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤቱ ትዝ ይለዋል" አለችው። "የቀረውን ራሱ ይጨርሰዋል።"

አስቸጋሪው አሥራት ራሱ ነበር።

ሐሙስ ዕለት ለልምምድ ሄደ። የታክሲው ረዳት እንደ ልማዱ ጋቢና አስቀመጠው። ቡራዩ ሲደርስ አርባ ሁለቱን ደረጃ ሳያርፍ ወጣ፣ በሩን ከፍቶ ገባ፣ የለመደው ወንበር ላይ ተቀመጠና ከፔርሙዙ ሻይ ቀዳ።

"ቆይ፣ ቆይ" አለች ሩሃማ። አምባሯ ጠረጴዛው ላይ ቀጭ አለ። "እንዲህ ስትቀዳ ያየ ሰው ዓይነ ስውር ነው ብሎ ያምናል? ጠብ ያለ ነገር እኮ የለም።"

"ላፍስሰው?"

"አፍስሰው እንጂ።"

አፈሰሰው። ጣቱን አቃጠለው።

"ዓይንህ ደግሞ ጥርት ያለ ነው። ካሜራ ፊት ጉድ ያፈላብናል" ብላ ጥቁር መነጽር አደረገችለት። ጆሮው ጀርባ ቆረቆረው። ቀጥላ ነጭ በትር አስያዘችው።

"በትሩስ ይቅርብኝ" አለ። "የሰፈር ሰው ቢያየኝ ምን ይለኛል?"

"የሰፈርህ ሰው አልበም ይሠራልሃል?"

እሷ ቀጠለች። ሰው ሲያናግረው ፊቱን ወደ ተናጋሪው እንዳያዞር፣ ይልቅ ወደ ጣራ እንዲያደርገው። ትከሻዋን ይዞ አጎንብሶ እንዲገባ፣ በሩ ላይ እንዲደናቀፍ። ውሃ ሲሰጡት ብርጭቆውን እንዲደፋ። አሥራት የተባለውን ሁሉ ደጋግሞ አደረገ፤ የሌላ ሰው ልብስ የለበሰ ያህል ነበር።

የሕይወት ታሪኩንም ጽፋ ጠብቃዋለች። በቃሉ እስኪይዘው ድረስ ደጋግማ አነበበችለት። በሰባት ዓመቱ በኩፍኝ ዓይኑ ጠፋ፤ እናቱ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ለምና አሳደገችው፤ መጨረሻ ያየው የእናቱን ቢጫ ሻሽ ነው። እናቱ የሺወርቅ በተጂ ከተማ ገበያ የታወቀች ጨርቅ ነጋዴ ናት፤ ይህን ብትሰማ እንኳን እሱን ሩሃማንም አትምርም።

"ለምን ቢጫ?" አለ አሥራት።

"ቢጫ ያስለቅሳል።"

"እሺ፣ ቢጫ።" አለና "ሩሃማ፣ ይኼ እኮ ውሸት ነው" አላት።

"ውሸት አይደለም፣ አቀራረብ ነው። ዘፈንማ ሌሎቹ ሦስቱም ይዘፍናሉ። ታሪክ ከሌለህ ወደ ጥብስህ ትመለሳለህ።"

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው። አሥራት የሚፈራው ካሜራውን አልነበረም፤ ኦቦ ጃራን ነው። ክራር ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። በዓይነ ስውራን ትምህርት ቤቱ ሠላሳ ዓመት አስተምረው፣ ጡረታ ሲወጡ ሱሉልታ ልጃቸው ዘንድ ገቡ። "ቀና በል፣ ሰው ሲያናግርህ ፊትህን አዙርለት፣ ያፈሰስከውን ራስህ ጥረግ" የሚሉ ኮስታራ ሰው ናቸው። የቅዳሜው ፕሮግራም አያመልጣቸውም። ማንም ቢታለል እሳቸው አይታለሉም።

"ኦቦ ጃራ ቢያዩኝስ?"

"አንድ ጡረተኛ ቢያዩህ ምን ይመጣል?"

"ይታዘቡኛል።"

"ትዝብት አልበም አይከለክልም" አለች ሩሃማ።

ቅዳሜ ሁሉም እንደተጠና ሆነ። አጎንብሶ ገባ። በሩ ላይ ተደናቀፈ፤ አዳራሹ "እኔን!" አለ። ብርጭቆውን ደፋ። አዘጋጇ ላሊሴ ራሷ ጎንበስ ብላ ጉልበቱን በመሐረብ አደረቀችለት።

"መጨረሻ ያየኸው ምን ነበር?" ስትል ጠየቀችው።

ፊቱን ወደ ጣራ አደረገ። "የእናቴን ቢጫ ሻሽ።"

ላሊሴ ስታለቅስ ሰማ። ከኋላ ሌሎችም ተከተሉ። ዘፈኑን ሲዘፍን ለቅሶው አልቆመም፤ ግጥሙን የሰማለት አልነበረም። ሲያልቅ ስሙ ተጠራ፣ አሸነፈ ተባለ፣ ተጨበጨበለት። ደስታ ይመጣል ብሎ ጠበቀ። አልመጣም።

ኮሪደሩ ላይ ሰው እየመጣ ስለ ሻሹ ይጠይቀዋል። ስለ ዘፈኑ የጠየቀ የለም። ስልኩ ጮኸ። ለኦቦ ጃራ ብቻ የመረጠው የጥሪ ድምፅ ነው።

"አታንሳው" አለች ሩሃማ ክንዱን ይዛ።

አነሳው። "አካም ጅርቱ፣ ኦቦ ጃራ።"

ሽማግሌው ሰላምታውን አልመለሱለትም። እንዲህ አድርገውት አያውቁም።

"አዩኝ?" አለ አሥራት።

"አየሁህ። ስትደናቀፍም አየሁ፣ ውሃውን ስትደፋም አየሁ።"

"ይቅር ይበሉኝ። አልበሙ እንዳያመልጠኝ ብዬ ነው።"



"ከተወለድክ ጀምሮ ብርሃን አይተህ አታውቅም" አሉት ቀስ ብለው። "ዓይነ ስውር መምሰልን ማን አስተማረህ?"