ቆቅ አባራሪዋ

ከቁጥቋጦው ስወጣ ወንድሜ ጠመንጃውን ከመሀሉ አጥፎ ክንዱ ላይ አጋድሞታል። እግሩ ሥር ሁለት ቆቆች ወድቀዋል። አያየኝም። እኔም አላየውም፤ የተስማማነው እንደዚያ ነው።

የተስማማነው ባለፈው እሑድ እናታችን ቤት፣ የምሳው ሥጋ ገና ከገበታ ሳይነሳ ነው። የባለርስቱ የሰር ጁልያን ወኪል መጥቶ ቤቱ ስለሚፈለግ እንድትለቅ ከነገራት ጀምሮ እናታችን እንቅልፍ የላትም። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ለዚህ ርስት ትራክተር ነድቶ የሞተበት ቤት ነው። ዳረን እየጎረሰ፣ "ሰር ጁልያን ለአደን ጠርቶኛል" አለ። "ቅዳሜ አነጋግረዋለሁ። አንቺ ብቻ እንደማታውቂኝ ሁኚ። ዘመድ መሆናችን ከታወቀ ልመና ይመስላል።" አባቴ ለእሱ የእንጀራ አባት ስለነበር ስማችን አንድ አይደለም፤ ማንም አይጠረጥርም። እናታችን የቀረውን ድንች በሙሉ እሱ ሳህን ላይ ገለበጠችለት።

አሁን እረፍት ነው። ተኳሾቹ ከመኪናው ወዲያ በትንንሽ ብርጭቆ ይጠጣሉ። ቆቆቹን እያስነሳን ወደ እነሱ የምንነዳው እኛ አባራሪዎቹ ከመኪናው ወዲህ ሆነን ከየፔርሙሳችን ሻይ እንቀዳለን። ጡረታ የወጣችው የአውቶቡስ ሾፌር ፖሊን በአገጯ ወደ ወንድሜ ታመለክትልኛለች።

"ያንን አየሽው? ኮቱ ገና ጭቃ አልቀመሰም። ማታ ለሱቁ ሊመልሰው ነው መሰለኝ።"

ሌሎቹ ይስቃሉ። እኔ ሻዬ ላይ አቀረቅራለሁ። በእሱ ሲሳቅ ዛሬም ያመኛል። ትምህርት ቤት በተለጠፈ ጫማው ሲስቁበት የምነክሳቸው እኔ ትንሿ እህቱ ነበርኩ። ዛሬ የመስታወት በረንዳ የሚሠራ ድርጅት አለው፤ ጫማው ከእኔ መኪና ይበልጥ ያወጣል።

ሰር ጁልያን ትኩስ ቋሊማ የሞላ ሳህን ይዘው ወደ እኛ ይመጣሉ። ሁልጊዜም በገዛ እጃቸው ነው የሚያድሉን፤ ጨዋ ሰው ናቸው። ዳረን ሰናፍጩን ይዞ ከኋላ ከኋላቸው ይከተላል። ነግሯቸዋል ማለት ነው። ሊያስተዋውቀኝ ነው።

"ይውሰዱ እንጂ፣ ሳይቀዘቅዝ" ይለኛል ወንድሜ። የአገራችንን የኖርፎክን የገጠር አነጋገር መኪናው ውስጥ ትቶት የወረደ ይመስላል።

አንድ አነሳለሁ። ሰር ጁልያን ከጎመኑ ማሳ ማዶ ከአንዲት ጭስ ማውጫ ቀጥ ብሎ የሚወጣውን ጭስ በጣታቸው ያሳዩታል። የእናቴ ምድጃ ነው። ጠዋት ስወጣ፣ እሺ ካሉ ሮጠሽ ንገሪኝ ብላኛለች።

"ከዚህ ሲያዩት ይበልጥ ያምራል፣ አይደል?" ይሉታል። "የኋላውን ግድግዳ አፍርሰህ መስታወት ካደረግህበት ሜዳው ሁሉ ሳሎንህ ይገባል። ለቅዳሜና እሑድ ማረፊያ ከዚህ የተሻለ አታገኝም።"

ዳረን ሰናፍጩን ያያል።

"እዚያ ቤት ሰው አለ" እላለሁ።

ሰር ጁልያን ወደ እኔ ይዞራሉ። ፊታቸው ደግ ነው። "አዎ፣ አንዲት አሮጊት አሉ። እኔ ለገና እንዲለቁ ነበር ያሰብኩት። እስከ ፋሲካ ይቆዩ ብሎ የለመነላቸው የቤቱ ገዢ ነው።" የገዢውን ትከሻ መታ መታ ያደርጋሉ።

"በዚህ ብርድ ሰው ማስወጣት ይከብዳል" ይላል ዳረን፣ ለማንም ሳይሆን።

እናቱ ናት ልላቸው እችላለሁ። ምናልባት ይደነግጣሉ፤ ምናልባትም ያዝናሉ። ግን መጀመሪያ የወንድሜን ዓይን እፈልጋለሁ። ወንድሜ ሰናፍጩን ይዞ ወደ ፖሊን አልፏል።

የአደኑ ኃላፊ ክሊፍ ጥሩምባውን ይነፋል።

የመጨረሻው ዙር ነው። ዞረን በእናቴ ቤት በኩል ወደ ጎመኑ እንገባለን። ይህ ጎመን የሚዘራው ለማንም ገበታ አይደለም፤ ቆቆቹ እንዲደበቁበት ብቻ ነው። ጎን ለጎን ተሰልፈን፣ ከማዳበሪያ ከረጢት የሠራናቸውን ባንዲራዎች እያራገብን ወደፊት እንነዳቸዋለን። ማሳው ሲያልቅባቸው ይነሱና ከአጥሩ ማዶ ወደቆሙት ጠመንጃዎች ይበርራሉ። ሰር ጁልያን ለዳረን መሀሉን፣ ምርጡን ቦታ ሰጥተውታል። ከእኔ ትይዩ ነው።

ሥራው አንድ ሕግ ብቻ አለው፤ መስመሩ አይላላም። አንድ ሰው ከቆመ ወፎቹ ክፍተቱን ያገኙታል።

እስከ ወገቤ ርሻለሁ። ከፊቴ ቅጠሉ ሥር ሲሯሯጡ ይሰማኛል። ብዙ ናቸው፤ ጎመኑ ራሱ የሚሄድ ይመስላል። ክሊፍ ከዳር ሆኖ መስመር ጠብቁ ይላል።

እቆማለሁ። ባንዲራዬን አወርዳለሁ።

ፖሊን ከቀኜ ታየኛለች። ጥቂት ቆይታ እሷም ትቆምና፣ ጎንበስ ብላ የጫማዋን ጭቃ በባንዲራዋ እንጨት መፋቅ ትጀምራለች።

መጀመሪያ አንዲት ቆቅ ከጫማዬ አጠገብ ብቅ ትላለች። አንገቷን ቀና አድርጋ ታየኝና አልፋኝ ትሮጣለች። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ጎመኑ ሁሉ ወደ እኔ ይፈስሳል፤ በግራዬ፣ በቀኜ፣ በእግሮቼ መሀል። ከኋላዬ፣ ጨርቅ ሲቀደድ እንደሚሰማው እየጮኸ፣ ክንፋቸው በአንድ ጊዜ ይነሳል።

ዞሬ አላያቸውም። ወዴት እንደሚበሩ አውቃለሁ፤ ጭሱ ወዳለበት ነው። እኔ የማየው ፊት ለፊቴን ነው። ከአጥሩ በላይ የወንድሜ ጠመንጃ አፈሙዝ ይታየኛል፤ ሽቅብ ተደግኖ ባዶውን ሰማይ ይጠብቃል።