በዝምታው መሃል ያጨበጨበችው እናት

አዳራሹ ጭጭ ብሏል…

የሚሰማው ዋሽንቱ ብቻ ነው።

ሂንድ የሙሽራ ልብስ ለብሳ፣ ዓይኗን ጨፍና መድረኩ መሃል ቆማለች። አምባሰሉን ስታንቆረቁር ቆይታ ልክ እዚህ ጋ ስትደርስ ዝም ትላለች። የሙዚቃዊ ቴአትሩ ሆድ የሚያባባ ቦታ ይሄ ነው። ኮምቦልቻም ደሴም ሰው እንባውን የጠረገው እዚህ ጋ ነው።

ድንገት…

ጯ! ጯ! ጯ!

አንድ ሰው ብቻውን ያጨበጭባል!

ከኋላ ሳቅ አመለጠ። "ኧረ ዝም በይ ሴትዮ!" አለ አንዱ።

ሴትየዋ ግን ጭራሽ ባሰባት።

ሂንድ ዓይኗን ገለጠች… ፊተኛው ረድፍ ላይ…

እናቷ ናት! ሀውራ!

አራት ዓመት አልተያዩም። ሂንድ "ቴአትር ልሠራ አዲስ አበባ ልሄድ ነው" ያለች ቀን ሀውራ በሩ ላይ ቆማ "ከዚህ ቤት ከወጣሽ ልጄ አይደለሽም!" ብላት ነበር። ሂንድም እልኸኛ ናት፤ ሻንጣዋን ይዛ ወጣች።

መጀመሪያ ላይ በስልክ ይጣላሉ፣ መልሰው በስልክ ይታረቃሉ። ያለፉትን ሁለት ዓመታት ግን ሀውራ ጭራሽ ስልክ ማንሳት ተወች።

ይጠራል… ይጠራል… ዝም።

አልፎ አልፎ ጎረቤታቸው እትዬ አሰገደች ያነሱና "ደህና ናት ልጄ፣ አታስቢ" ብለው ይዘጋሉ።

'ጨክናብኛለች' አለች ሂንድ በሆዷ። እሷም ጨከነች። ለኢድ እንኳን ወደ ትውልድ ከተማዋ ወደ ሐይቅ ዝር አላለችም።

የቴአትር ቡድኗ ሐይቅ ላይ እንደሚያሳይ ስትሰማ ግን አልቻለችም። ለእትዬ አሰገደች ደውላ "ፊት ወንበር ይዤላታለሁ… ከፈለገች ትምጣ" አለች።

መጣች።

መጥታ ግን በአገሯ ሰው ፊት አሾፈችባት!

ቴአትሩ እንዳለቀ ሂንድ ልብሷን ሳትቀይር ከመጋረጃው ጀርባ ተቀምጣ ተንሰቀሰቀች። የቡድኑ መሪ ወልዴ መጣ።

"እናትሽ ውጭ እየጠበቁሽ ነው።"

"ልታዋርደኝ ነው የመጣችው!"

"ለማዋረድ የመጣ ሰውማ እዚያ ፀሐይ ላይ ቆሞ አይጠብቅም። ተነሽ፣ አብረን እንውጣ።"

ወጣች።

እናቷ ጀርባዋን ሰጥታ ወደ ሌላኛው በር እያየች ቆማለች። በጣም ከስታለች…

"እማዬ!"

ዝም።

"እማዬ!!"

የባጃጅ ሾፌሮቹ ሳይቀሩ ዞሩ። ሀውራ ግን ንቅንቅ አላለችም።

"አየህ አይደል ወልዴ?" አለችና ሂንድ ወደ ቡድኑ ሚኒባስ አመራች።

አንድ እጅ ክንዷን ለቀም አደረጋት። እትዬ አሰገደች ናቸው።

"ከኋላዋ አትጥሪያት ልጄ… አትሰማም።"

"እኔን መስማት እንደማትፈልግማ አውቃለሁ።"

"ኧረ አይደለም! ጆሮዋ ነው። ክፉኛ ታማብን ነበር። እግዜር ነፍሷን አተረፈልን፤ ጆሮዋ ግን አልተመለሰም። ይኸው ሁለት ዓመት ሆናት።"

ሂንድ ዞር ብላ እናቷን አየቻት።

"እና… ለምን አልነገሩኝም?"

"እንዳትነግሪያት ብላ አስምላኝ! ያውም በማርያም! እንዴት ብዬ ልናገር? 'ከሰማች ሥራዋን ጥላ ትመጣለች። አንዴ መንገዷ ላይ ቆሜባታለሁ፤ ሁለተኛ አልቆምባትም' አለችኝ።"

"ጭብጨባውስ?"

"አፍሽን እኮ ነው የምታየው! ዝም ስትዪ ዘፈኑ ያለቀ መስሏት ነው። ሰው ሲስቅባት እሷ የት ሰምታ…"

ሂንድ ሌላ ቃል አልጠበቀችም። ሮጣ እናቷ ፊት ቆመች።

የሀውራ ፊት በራ። የራሷን ድምፅ ስለማትሰማው መንገዱን ሁሉ በጩኸት ሞላችው።

"የኔ ልጅ! ወላሂ አንድ ቃል አላመለጠኝም! አምባሰል ነው አይደል? አንገትሽን ዘንበል ስታደርጊው አወቅኩት!"

ከዚያ ጠጋ ብላ ጠየቀቻት…

"ጭብጨባዬስ… ተሰማሽ?"

ሂንድ እንባዋን እየዋጠች፣ ቃሉን አንድ በአንድ ከከንፈሯ ላይ እንድታነበው ቀስ አድርጋ መለሰች።

"ተሰማኝ እማዬ… ከሁሉም በላይ የተሰማኝ እሱ ነው።"

እግሯ ላይ ወድቃ ስታለቅስ ሀውራ አገጯን ይዛ ቀና አደረገቻት።

"ቀና በይ እስቲ፣ ምን እንዳልሽ አላየሁም።"

"አፉ በይኝ ነው ያልኩሽ!"

"አፉ ብያለሁ! አንቺም አፉ በይኝ። ያን ቀን ከበሩ ላይ ዞር ማለት ነበረብኝ።"

ወልዴ ሂንድን ሦስት ቀን ፈቀደላት። እናቷን ደሴ ሐኪም ቤት ወሰደቻት። ሐኪሙ አልደበቃቸውም፤ የሄደው መስማት አይመለስም።

ሂንድ መንገድ ላይ ስታለቅስ ያጽናናቻት ሀውራ ናት። "አልሐምዱሊላህ በይ… ዓይኔ አለ አይደል?"

አሁን ሂንድ የትም ከተማ ብትሆን መድረክ ከመውጣቷ በፊት በቪዲዮ ትደውላለች። ስልኩ ሲጠራ እትዬ አሰገደች እየሮጡ ይዘውላት ይመጣሉ። ሀውራም ስክሪኑ ላይ አፍጥጣ ትቆጣለች።

"ቀስ ብለሽ አውሪ እንጂ! አፍሽን አታጣድፊው!"

ወዳጆቼ… ዝም ያለን ሰው ሁሉ አኩርፎን አይደለም። አንዳንዱ ሕመሙን ብቻውን ችሎ፣ እኛን ላለማስጨነቅ ነው ዝም የሚለው። 'ጨከነብኝ' ከማለታችን በፊት ደጁ ድረስ ሄደን ፊቱን እንየው።

እናንተስ… ተቀይማችሁት ቆይታችሁ፣ እውነቱን ስታውቁ ግን አንገታችሁን የደፋችሁለት ሰው አለ? ስሙን ባትጠሩትም ታሪኩን እስቲ ከታች አጫውቱን…