የሀሰና ተራ

«ከሷ ነው የተጋባበት» አለች ማዳም፣ ሀሰናን በአገጯ እየጠቆመች። «መካ፣ ዓዚዚያ፣ ለሐጃጆች የምናከራየውን ቤት ስታጸዳ ሰንብታ ይዛው መጣች።»

ሀሰና ሰማች። ስድስት ዓመት ጅዳ ኖራም ዐረብኛ እንደማይገባት ፊቷ ላይ ይወራባታል። የአሠሪዋን የማዳምን ትንሽ ልጅ ፋሪስን ታቅፋ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። በምርመራ ክፍሉ ለታካሚ ከተቀመጡት ሁለት ወንበሮች አንዱ ላይ ማዳም፣ አንዱ ላይ የማዳም ቦርሳ ተቀምጠዋል።

ሱዳናዊቷ ሐኪም የልጁን ጉሮሮ አየች፤ ደረቱን አዳመጠች። «ጉንፋን ነው፣ ቫይረስ። ፈሳሽ ይጠጣ፣ ይረፍ። በራሱ ጊዜ ይለቀዋል።»

«አንቲባዮቲክስ አትጽፊለትም?»

«ለቫይረስ አይሠራም።»

«ታዲያ እዚህ ድረስ ምን ልሠራ መጣሁ? በይ እንግዲያው ለዚች ንገሪያት፣ ልጄን እንዳትጠጋው።»

ሀሰና ደሟ ፈላ። ዓዚዚያ ማን ላካት? ደግሞስ ልጁ ከመዋዕለ ሕፃናት ንፍጡን አዝረክርኮ የመጣው እሷ ከመሄዷ በፊት አልነበረም? ያን ጊዜ ማዳም መኝታ ቤቷን ቆልፋ ተኛች። በትከሻዋ ይዛው ያደረችው ሀሰና ናት፤ ያስነጠሰው እሷ ፊት ላይ፣ ያሳለው እሷ አንገት ሥር ነው። እሷን ሲጀምራት ግን ማዳም ብርጭቆዋን ለየችባት። ሥራውን አልለየችላትም።

«ወላሂ ከኔ አይደለም» አለች። ድምፅዋ ጎርንኖ ወጣ። «መጀመሪያ የታመመው እሱ ነው። ያስታመምሁት እኔ ነኝ። እኔን ግን ያየኝ የለም።»

«ኸላስ፣ በቃ ሀሰና! ያላ፣ እንሂድ!»

ሀሰና ወደ በሩ አልሄደችም። ልጁን እናቱ ጭን ላይ አስቀመጠች፣ ቦርሳውን አንስታ መሬት ላይ አኖረች፣ ከዚያ በወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

«ዶክተር፣ እኔም ታምሜያለሁ። ደረጃ ስወጣ ትንፋሼ ይቆረጣል። ጎኔን ይወጋኛል።»

«እሷ ጠንካራ ናት» ብላ ማዳም ሳቀች። «ፓናዶል ሰጥቻታለሁ።»

ሐኪሟ በሩን አየች፤ ውጭ ተራ የሚጠብቅ ሰው ሞልቷል። «ካርድ አላወጣሽም፣ የኔ እህት። ያለ ኢቃማ፣ ያለ መኖሪያ ፈቃድ፣ ደግሞ ካርድ አይወጣም።»

«ኢቃማዬ እዚያ ቦርሳ ውስጥ ነው።»

ሐኪሟ ቦርሳውን አየች፤ ቀና ብላ ማዳምን አየች። ፋሪስ ወደ ሀሰና እጁን ዘርግቶ ያለቅሳል፣ ይንፈራገጣል፤ ማዳም አያያዙ ጠፍቷት ከጭኗ ሊያመልጣት ነው።

«ለጉንፋን ካርድ ይወጣል እንዴ?» አለች ማዳም።

«ላንቺ ልጅ ወጥቶለት የለ?» አለች ሀሰና።

ይህ ቃል ምን እንደሚያመጣባት ታውቃለች። ካፊሏ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ ዋስ፣ የማዳም ባል ነው፤ አንድ ስልክ ደውሎ አውሮፕላን ላይ ሊጭናት ይችላል። ግን አንዴ ከአፏ ወጥቷል።

ሐኪሟ ከወንበሯ ተነሳች። «ካርዱ ይደርሳል» አለችና የሀሰናን ትከሻ ይዛ አዞረቻት። ማዳመጫውን በአባያዋ ሥር ጀርባዋ ላይ አስደገፈች። «ወደ ውስጥ ተንፍሺ። አውጪ።»

ሀሰና አየር ሳበች፤ ሳሉ ግማሽ ላይ አቋረጣት። ሐኪሟ ቦታ ቀየረች፣ ደግማ ቀየረች። ጎኗ ጋ ስትደርስ እጇ ቆመ፤ እዚያው ቆየ።

«ምንድን ነው?» አለች ማዳም ከልጁ ጋር እየታገለች። «ልጄን ይይዘዋል?»

«ዝም በይ» አለች ሐኪሟ ዓይኗን እንደጨፈነች። «እሷን እያዳመጥኩ ነው።»